ስክሪፕቱ የጎደለውን ራሱ ያምጣ ወይስ ይቁም?

አቶቴ፦ ሐዋሳዎች፣ እስቲ ፍረዱኝ። አንድ ቢሮ አምስት ላፕቶፕ ላይ ፕሮግራም ልጭን መጥቻለሁ። ሁሉም ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ናቸው። የቢሮው ኔት ስለጠፋ ከስልኬ ሆትስፖት ከፈትኩ። የጻፍኩት ስክሪፕት (ትእዛዞችን በተራ የሚያስኬድ ፋይል) ፕሮግራሙ የሚፈልገው ላይብረሪ ጎድሎ ባጋጠመው ቁጥር ሳይጠይቅ ያወርዳል፤ ሰረዝ ዋይ ብዬበታለሁ፣ ማለትም «ልቀጥል?» ሲባል በራሱ «አዎ» ይላል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የስልኬ ፓኬጅ እልም። የፕሮግራም ፓኬጅ ስጭን የዳታ ፓኬጅ ጨረስኩ! ይሄን ራሱ የምጽፈው በብድር ነው። እና ዲፔንደንሲ (ፕሮግራሙ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ሌላ ፓኬጅ) ሲጎድል ስክሪፕት ራሱ ያምጣ ወይስ ቆሞ ይናገር?

ሞኖፖል፦ ያምጣ እንጂ! የዴብ ፋይል (የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል) በዲፒኬጂ ትእዛዝ ስትጭን ዲፔንደንሲ ከጎደለ ፓኬጁን ሳያዋቅር በእንጥልጥል ይተወዋል። ከዚያ የጎደለውን በሚያመጣው ትእዛዝ፣ አፕት-ጌት ኢንስቶል ሰረዝ ኤፍ እያልክ መጠገን ነው። ይሄን የሒሳብ ሠራተኛዋ ትወቀው?

ፒያሳ፦ አፕት (ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም አውርዶ የሚጭነው ትእዛዝ) እኮ «ይህን ያህል ሜጋባይት ላወርድ ነው፣ ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። አፉን የዘጋው አቶቴ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ስትገዛ ዋጋ ሳትጠይቅ ታስጠቀልላለህ? በ2021 ዩቲዩበሩ ሊነስ ሴባስቲያን ፖፕ ኦኤስ (የኡቡንቱ ዘመድ) ላይ ስቲም የሚባለውን የጌም ፕሮግራም ልጫን ብሎ ዴስክቶፑ ሙልጭ ብሎ ተነቅሎበታል።

ሞኖፖል፦ ምሳሌህ የመሰከረው ለእኔ ነው። አፕት አስጠንቅቆታል። «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ» የምትለዋን በገዛ እጁ ጽፎ ነው ያለፈው። በሰረዝ ዋይ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ወሳኝ ፓኬጅ ሊነቀል ሲል አፕት ራሱ ያቆም ነበር።

ፒያሳ፦ እሺ፣ እሷን ወስደሃል። የልጁን ዳታ ግን ማን ይክፈል?

ታቦር፦ ሁለታችሁም ከኡቡንቱ አልወጣችሁም። እኔ ለሌላው ሊኑክስ፣ ለፌዶራም እጽፋለሁ። ያው ላይብረሪ ኡቡንቱ ላይ ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ ነው፣ ፌዶራ ላይ ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቬል። ስም እየገመተ የሚጭን ስክሪፕት አላምንም። የእኔው ገና ሲጀምር ሁሉንም ያጣራል፣ የጎደለውን በአንዴ ይዘረዝራል፣ «አልተሳካም» ለማለት ከዜሮ ሌላ ኮድ ሰጥቶ ይወጣል። አንዱን ስትጭንለት «ደግሞ ይሄኛው ጎደለ» የሚል ስክሪፕት ነው የሚያናድደኝ። በነገራችን ላይ አቶቴ፣ ኡቡንቱ የግድ የሆኑትን ብቻ ሳይሆን «ሪኮመንድስ» የሚባሉትንም፣ ቢኖሩ ይመከራል የተባሉትን፣ ይጎትታል። ኖ-ኢንስቶል-ሪኮመንድስ ብትለው ኖሮ ዳታህ ትንሽ ትቆይ ነበር።

ሞኖፖል፦ አንቺ ደግሞ! ዝርዝሩን አይቶ የሚጭነው ማነው? ያው አቶቴ።

ታቦር፦ አዎ፣ ግን መጠኑን አውቆ።

መናኸሪያ፦ ክርክሩን ተዉትና፣ አንዴ የወረደውን ለምን በፍላሽ አታዞረውም? ቫር፣ ከዚያ ካሽ፣ ከዚያ አፕት፣ አርካይቭስ ፎልደር ውስጥ አለልህ።

ታቦር፦ በአፕት-ጌት ከጫነ አለ። በአፕት ከሆነ ጭኖ ሲጨርስ ያጠፋዋል።

አቶቴ፦ በአፕት ነው የጻፍኩት። ፎልደሩን ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። ወደ አፕት-ጌት እየቀየርኩ ነው። እዚህ አካባቢ ሆትስፖት የሚያበድረኝ አለ?