የዝሆን አንጎል ከኛ ሶስት እጥፍ ነው፣ ታዲያ ምኑ ጋ ነው የበለጥነው?

ሚኪ ዘ ፒያሳ፦
ሰላም ቤቶች፣ ከልጆች ጋር ተከራክረን አልተግባባንም እዚህ የሚያውቅ ካለ ይገላግለን። የሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ገደማ ነው አይደል፣ የአፍሪካ ዝሆን ግን ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል፣ ስፐርም የሚባለው ዓሣ ነባሪ ጭራሽ 8 ኪሎ አካባቢ። በትልቅነት ቢሆን ኖሮ ዝሆን ነበር እኛን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አስገብቶ ትኬት የሚቆርጠው። አንዱ ጓደኛዬ "ከሰውነት ክብደት አንፃር ነው የሚታየው" አለ፣ እሺ ብዬ ጎግል ሳደርግ በዛ ሂሳብማ አይጥም እኛም እኩል ነን፣ ሁለታችንም ከ40 እጅ አንዱ አካባቢ። ታዲያ በምንድነው የሚለካው? "ፈጣሪ ነው የሰጠን" የሚለውን እኔም አምናለሁ፣ የጠየኩት አሰራሩን ነው።

የላብ ልጅ፦
ሚኪ ክብደቱን ተወው፣ ዋናው ውስጡ ያለው የኒውሮን (መልእክት የሚያስተላልፉት የአንጎል ሴሎች) ብዛትና የት ቦታ እንዳሉ ነው። ሱዛና ሄርኩላኖ ሁዜል የምትባል ብራዚላዊት ሳይንቲስት አለች፣ አንጎሉን አሟሙታ ሾርባ ታደርገውና የሴሎቹን ኒውክለስ (መሃላቸው ያለውን እምብርት) ትቆጥራለች (የምሬን ነው፣ ሾርባ ነው የሚሉት)። በሷ ቆጠራ ሰው ጠቅላላ 86 ቢሊዮን ገደማ ኒውሮን አለው፣ ዝሆን ደግሞ 257 ቢሊዮን። እዚህ ጋ ዝሆን አሸነፈ እንዳትል፣ ከዛ ውስጥ ከመቶ 97ቱ ያሉት ሴሬቤለም ውስጥ ነው፣ ማጅራት አካባቢ ያለችው እንቅስቃሴ የምታስተካክለው ክፍል፣ ምናልባት ያን የመሰለ ኩምቢ ማንቀሳቀስ ቀላል ስላልሆነ ይሆናል። ለማሰብ ለማቀድ ምናምን የሚያገለግለው ኮርቴክስ ላይ ስትመጣ ዝሆን 5.6 ቢሊዮን፣ ሰው 16 ቢሊዮን። አለቀ።

ተጠራጣሪው፦
ኧረ አላለቀም። ፓይለት ዌል የሚባል የዶልፊን ዘመድ አለ፣ በ2014 በወጣ ጥናት ኮርቴክሱ ላይ 37 ቢሊዮን ኒውሮን ተገምቶለታል፣ ከኛ እጥፍ በላይ ማለት ነው። በኮርቴክስ ብዛት ከሆነ እሱ ነው እንግዲህ ፕሮፌሰሩ። በርግጥ አቆጣጠሩ የተለያየ ስለሆነ ቀጥታ ማወዳደሩ ያከራክራል ግን "አለቀ" ማለት አይቻልም ወንድሜ።

ቤቲ፦
ቁራን ማን ረሳው? አንጎሉ 15 ግራም ገደማ ናት፣ እንደኛ አይነት ኮርቴክስም የለውም፣ ግን በ2017 ስዊድን ውስጥ በተሰራ ሙከራ ነገ የሚያስፈልገውን መሳሪያ ዛሬ መርጦ ሲያስቀምጥ ታይቷል። ሚስጥሩ የወፍ ኒውሮኖች ትንንሽና ጥቅጥቅ ያሉ መሆናቸው ነው፣ ዝሆን ሰፊ ጊቢ ያለው ቪላ ነው ብትል ቁራ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሰው። ቄራ አካባቢ የሚዞሩትን ደግሞ ትንሽ ቆማችሁ እዩዋቸው፣ የቱ ሰው እንደሚያባርርና የቱ ዝም እንደሚል ለይተው የሚያውቁ ነው የሚመስለኝ፣ ይሄ የኔ ግምት ነው ጥናት አይደለም። እና "ማን ይበልጣል" የሚለው ጥያቄ ራሱ ነው ያልገባኝ፣ በምን ላይ? ጃፓን ውስጥ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያጠኑት አዩሙ የሚባል ቺምፓንዚ ስክሪን ላይ ብልጭ ብለው የሚጠፉ ቁጥሮችን ቅደም ተከተል በማስታወስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አስከንድቷል።

ሚኪ ዘ ፒያሳ፦
ቤቲ በጣም አመሰግናለሁ፣ ግን ብዙ ኒውሮን ይሄን ያህል ከጠቀመ ሌሎቹ ለምን አላሳደጉትም?

የላብ ልጅ፦
ወጪው ነዋ። አንጎላችን ከሰውነታችን 2 ፐርሰንት ሆኖ ከምንበላው ጉልበት 20 ፐርሰንቱን እሱ ነው የሚጨርሰው። ጎሪላ ቀኑን ሙሉ ቅጠል ሲያኝክ ውሎ ትልቁን ሰውነቱን ነው የሚቀልበው፣ ለተጨማሪ ኒውሮን የሚተርፍ የለውም። ሱዛና እንደምትለው እኛን ያወጣን ምግብ ማብሰል ነው፣ የበሰለ ነገር ቶሎ ይታኘካል ብዙ ካሎሪ ይሰጣል። ሁሉም ሳይንቲስት አይስማማም እኔን ግን አሳምኖኛል፣ ጥሬ ስጋ ወዳዶች አትቆጡ።

ጋሽ ነኝ፦
ልጆች፣ አምስት ኪሎ ሙዚየም በራችሁ ላይ ሆኖ ጃፓን ድረስ ሄዳችሁ። ሉሲ ከ3.2 ሚሊዮን አመት በፊት በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር፣ አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ መጀመሪያ የቆምነው ነው፣ ጭንቅላቱ ያደገው በጣም ቆይቶ ነው። ከዚህ የሚገርመኝ ግን የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አፋር ዲኪካ ላይ በ2000 ያገኛት የሉሲ ዝርያ ህፃኗ ሰላም ናት። የራስ ቅሏን በልዩ ኤክስሬይ አይተው በ2020 ባወጡት ጥናት፣ የነሉሲ ዝርያ አንጎል አሰራሩ የዝንጀሮ ሆኖ እድገቱ ግን እንደ ሰው ልጅ ቀስ ያለ ነበር ብለዋል። የቺምፓንዚ ልጅ አንጎል ቶሎ አድጎ ይጨርሳል፣ የኛ ልጅ አመታት ይፈጅበታል፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ከእናት ከጎረቤት ከሰፈር ይማራል። እናንተ ቁጥር ትቆጥራላችሁ፣ እኔ ግን ልዩነቱ ረጅም ልጅነት ላይ ነው ባይ ነኝ።

ተጠራጣሪው፦
ጋሼ ይሄኛው ከኒውሮን ቆጠራው ይሻላል፣ ተቀብያለሁ። ግን ዝሆንም ልጅነቱ ረጅም ነው እኮ።

ቤቲ፦
ሃሃ ይሄ ሰውዬ አይለቅም። ለማንኛውም ሚኪ ቀጥሎ ስለ ጅብ አንብብ፣ በመንጋ የሚኖረው ነጠብጣቡ ጅብ ብቻቸውን ከሚኖሩት የጅብ ዘመዶቹ ይልቅ የፊተኛው አንጎሉ ሰፋ ያለ ነው፣ ማን አለቃ ማን ምንዝር እንደሆነ መከታተል ስላለበት ይሆናል ይላሉ። ሊንኩን በውስጥ እልክልሃለሁ።