በነፃ ላገልግል ብዬ ሄጄ ተረጂ አድርገው መዘገቡኝ (ባሕር ዳር)

የመዝገብ ቤቷ

እንዴት ሰነበታችሁ የባሕር ዳር ሰዎች። በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጥቼ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላኝ። 34 ዓመት መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። ፋይል ጠፋ ሲባል የምጠራው እኔ ነበርኩ። አሁን ልጆቹም ወጥተዋል። ጠዋት ቡና አፍልቼ ጎረቤት ጠጥቶ ከተነሣ በኋላ፣ እስከ ማታ ያለው ሰዓት አልገፋ ይለኛል።

ባለፈው ክረምት «የበጎ ፈቃድ ምዝገባ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁና ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም። ልጅቷ ትሑት ናት፣ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ ጻፈች። «የሚጦርዎት ሰው አለ እማማ?» አለችኝ። ልጆች አሉኝ አልኳት። «ቤትዎስ ያፈሳል?» ስትለኝ ግራ ገባኝ። ትንሽ ያፈሳል አልኩ፤ መቼም አልዋሽ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ስልክ ተደወለ። «ለበዓል ዱቄትና ዘይት ስለመጣልዎት ፌስታል ይዘው ይምጡ።»

ለካ የመዘገበችኝ ከተረጂዎቹ ተርታ ኖሯል! ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። የባሰባት ጎረቤት ስላለችኝ ለእሷ አሰጠሁላት።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እዚህ ከተማ ምን ዓይነት የበጎ ፈቃድ ሥራ ያገኛል? ጉልበቴ ደረጃ አይወድም። የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። ዓይኔ በመነጽር ደህና ነው፣ የእጅ ጽሑፌም ይነበባል። በሳምንት ሁለት ጠዋት መስጠት እችላለሁ። ሰፈሬ ሽምብጥ ነው፤ በአንድ ባጃጅ የምደርስበት ቢሆን ደስ ይለኛል።

የጣና ልጅ

እትዬ፣ እምቦጭ ንቀላ አለ እኮ! ጣና እየታፈነ ነው። ዘመቻ ሲጠራ ይመዝገቡ፣ እኛ ወጣቶች እንደግፍዎታለን።

የጨርቃ ጨርቁ ጡረተኛ

እቴ፣ ሳቄን አመጣሽው። እኔንም ደም ልለግስ ብዬ ብሄድ «አባቴ፣ 65 አልፎዎታል» ብለው በክብር ሸኙኝ። ለካ የሚቀበሉት ከ18 እስከ 65 ነው። አንቺ ገና ዕድሜው አለሽ፤ ኪኒን እንደምትወስጂ ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

የእኔን ሥራ ልንገርሽ። በሐምሌ ሁሉም ችግኝ ይተክላል። ቲሸርት አለ፣ ፎቶ አለ። በየካቲት ግን ያ ችግኝ ሲጠወልግ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያሉትን 11 ችግኞች ያዝኩ። ማንም አልሾመኝም። ወገቤ ባልዲ አይችልም፤ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በግማሽ እየሞላሁ ነው የምመላለሰው።

ዘዴ አለው። የሃይላንድ ፕላስቲክ ወስደሽ ቂጡን በመርፌ ሁለት ሦስት ቦታ ትበሺዋለሽ። ከዚያ ከችግኙ አጠገብ እስከ አንገቱ ትቀብሪዋለሽ። ውኃ ሞልተሽ ክዳኑን ላላ አድርገሽ ትገጥሚያለሽ። ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ፀሐይ አይነጥቅሽም። ክዳኑን አጥብቀሽ ከዘጋሽው አየር ስለማይገባ አይወርድም፤ መጀመሪያ እኔም እሱን ሳላውቅ ስንት ቀን ለፋሁ። እስካሁን ሁለቱን ፍየል በላብኝ፣ ዘጠኙ አሉ። የፍየሎቹን ባለቤት አውቀዋለሁ፤ የዕድር ስብሰባ ላይ እንገናኛለን።

ሥራ ፈላጊው

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ ዲግሪ ይዤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ጡረታ የሚበላ ሰው በነፃ ልሥራ ሲል፣ ቀጣሪው እኔን ለምን ይቀጥራል?

ነርስ ነኝ

መጀመሪያ ለጣና ልጅ። ወንድሜ፣ ልብህ ጥሩ ነው፣ ምክርህ ግን ለእሳቸው አይሆንም። እምቦጭ የሚነቀለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው። እርጥቡ ከባድ ነው፣ ጭቃው ያንሸራትታል። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ እንዳለም አትርሳ። ደግሞ አረሙ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ አብዝቶ ያስቸገረው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ነው፤ ደንቢያ፣ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም። በአንድ ባጃጅ የሚደረስ አይደለም።

እማማ፣ የእርስዎ ሙያ የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በር ላይ ነው። ከገጠር የሚመጣ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ይደርሳል። ካርድ ክፍል ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «የጤና መድኅን ደብተርህ አልታደሰም» ይባላል። ወይ ላብራቶሪ መሄድ ሲገባው መድኃኒት ቤት ይሰለፋል። እኛ መንገድ እንዳናሳይ እጃችን ሥራ ላይ ነው። ጥበቃው የሚችለውን ያደርጋል፣ ግን እሱም ስንቱን ያነባል? በር አካባቢ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ወረቀት አንብቦ «አባቴ፣ መስኮት ሦስት ነው» የሚል አንድ ሰው ቢኖረን ግማሽ ቀን እናተርፍ ነበር።

ሥራ ፈላጊው፣ ለዚህ ቦታ ቅጥር ወጥቶ አያውቅም። በደመወዝ ቢወጣ እኔም ለአንተ ባስቀደምኩ።

እማማ፣ ሲሄዱ «በጎ ፈቃደኛ ነኝ» ብለው አይጀምሩ፣ እንደገና ዘይት እንዳይሰጡዎት። «ማክሰኞና ሐሙስ ከ2 እስከ 5 ሰዓት የታካሚ ወረቀት አነባለሁ» ይበሉ። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይያዙ። የሰው ምስጢር ነውና በወረቀቱ ላይ ያለውን የበሽታ ስም ጮክ ብለው አያንብቡ። ማስክ ያድርጉ፣ የሳል ታካሚዎች ከሚቀመጡበትም ራቅ ይበሉ።

የጨርቃ ጨርቁ ጡረተኛ

ይህቺ ልጅ ትምከር። የሥራ ፈላጊው ነገር ግን አንጀቴን በልቶታል። ልጄም እንደሱ ነው።

የመዝገብ ቤቷ

ሁላችሁም ተባረኩ። ስድስት ሳምንት ዝም ያልኩት ሥራ ይዤ ነው።

እንደተባልኩት ሰዓቱን ቆርጬ ሄድኩ። ኃላፊዋ መጀመሪያ ጠርጠር አድርጋ «ማን ላከዎት?» አለችኝ። ደብዳቤውን አይታ «እስቲ አንድ ቀን ይሞክሩት» አለች። ወንበሩን ከቤት ወሰድኩ፤ እዚያ ያለው ያዘመመ ነው። ደረቴ ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ ሠርተው ሰጥተውኛል። ያለ እሱ የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱን የሚሰጠኝ አልነበረም፤ ሰው ዘመኑን ያውቃል።

ያለፈው ሐሙስ አንድ አዛውንት መጡ። ጋቢያቸው ረጥቧል። ወረቀታቸውን ሁሉ በአንድ ጥቁር ፌስታል አጭቀውታል፤ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የራጅ ፖስታ፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ ሳይቀር። «የደም ምርመራ ውጤቱ ጠፍቷል፣ እንደገና ክፈሉ ተባልኩ» አሉኝ። መቼም ይሄ የእኔ ሜዳ ነው። ጭኔ ላይ ዘርግቼ በቀን በቀኑ ደረደርኩት። ውጤቱ በግብሩ ደረሰኝ መሐል ታጥፎ ገብቷል። አንድ ክላሰር ገዝቼ ስለነበር የሆስፒታሉን በአንድ በኩል፣ የግብሩን በሌላ በኩል አድርጌ ሰጠኋቸው። ቆመው መረቁኝና ወደ ሐኪሙ ሲገቡ ክላሰሩን በሁለት እጃቸው እንደ ዳዊት ይዘውት ነበር።

አድካሚ ነው፣ አልዋሽም። ጠዋት አራት ሰዓት ካለፈ ወገቤ ያስታውሰኛል። አንድ ቀን አንዲትን እናት ወደ ተሳሳተ ክፍል ልኬ ሰዓት አባከንኩባት፤ ከዚያ ወዲህ የክፍሎቹን ቁጥር በካርቶን ጽፌ ከጎኔ አቁሜያለሁ።

ለሥራ ፈላጊው፦ ልጄ፣ የተናገርከውን ሳስበው ነው የሰነበትኩት። የሥራ ማመልከቻና ፋይል ማደራጀት እችላለሁ፤ ወረቀቶችህን ይዘህ ቅዳሜ ቡና ላይ ና። አንተም ኮምፒውተሩን ታሳየኛለህ።

አሁን ክፍት የቀሩት ሰኞና ዓርብ ናቸው። ረቡዕን አንዲት ጡረተኛ መምህርት ይዛልኛለች። የጨርቃ ጨርቁ ወንድሜ፣ ዓርብ ችግኝህን በጠዋት አጠጥተህ ብትመጣስ? ወንበሩ እዚያው ያድራል።