የድሮ ልብስ ማጠቢያ ሞተር ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም፤ ይጠቀለል ወይስ ይቀየር?

ቺንጋ_በጠሰ (አዳማ)
ሰላም ባለሙያዎች። ማሽኑ ከፊት የሚከፈት፣ ታይመሩ በእጅ የሚዞር ጣሊያን ሠራሽ ነው። ሞተሩ ካርቦን (ብሩሽ) የለውም፤ ላዩ ላይ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 2/12 ፖል (የማግኔት ዋልታ፦ ለጭመቃ 2፣ ለማጠብ 12)፣ 14 ማይክሮፋራድ ይላል። ውሃ ይሞላል፣ ማጠብ ሲጀምር ግን "እምምም" ብሎ ይቀራል። በርሜሉን በእጅ ገፋ ሲያደርጉት በተገፋበት በኩል ቀስ ብሎ ይዞራል። ጭመቃ ላይም አይነሳም። ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳው ቻርጅ ያዡ) አላበጠም። አንድ ጥገና ቤት "ተቃጥሏል፣ በካርቦን ሞተር ይቀየር" ብሏል። ምን ትላላችሁ?

ኩሽኔታ
በተገፋበት አቅጣጫ የሚሄድ ሞተር ተቃጥሏል ለማለት ገና ነው። ዋናው ጥቅል ኃይል እያገኘ ነው፤ የሚያስነሳው ሁለተኛው ጥቅል ነው ያላገኘው። በእነዚህ ሞተሮች ማጠቢያውና መጭመቂያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ካፓሲተር ይጋራሉ። ስለዚህ ሁለቱም አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። አለማበጡ ምንም አያረጋግጥም፤ የውስጡ ስስ ፊልም ጥቂት በጥቂት እየተበላ አቅሙ ሲወርድ ውጪው እንደ አዲስ ሊቆይ ይችላል።

ስፒናውን ከሶኬት ንቀል። የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ለሁለት ሦስት ሰከንድ አገናኝተህ ቻርጁን አጥፋ። በካቻቪቴ "ጧ" ማድረጉን ተወው፣ እግሩን ያቃጥላል። ከዚያ ሽቦዎቹን ነቅለህ ማይክሮፋራድ በሚያነብ መልቲሜትር ለካው። ከ12.6 (ከ14ቱ 90 በመቶ) በታች ካነበበ አውጥተህ ጣለው።

የምትገዛው ሳይቋረጥ እንዲሠራ የተሠራውን ነው፣ 450 ቮልት። ለኮምፕረሰር ማስነሻ የሚሸጠውን ጥቁሩን እንዳትገጥም፤ እሱ ለሰከንዶች ብቻ የተሠራ ስለሆነ ይፈነዳል። 14 ካጣህ ለኤሲ ፋን የሚሆኑትን 10 እና 4 ጎን ለጎን (በፓራለል) እሰራቸው፣ ድምሩ 14 ነው። አዳማ ደግሞ በሙቀቷ የተነሳ የኤሲና የቬንትሌተር ዕቃ አታጣም።

ጥቅል_ቤት
ከዚያም በፊት ቺንጋው ይውለቅ። በርሜሉ ብቻውን በእጅ ሲዞር ከከበደ ወይም ከተንኳኳ ጥፋቱ የበርሜሉ ኩሽኔታ ነው፣ ሞተሩ ላይ መልፋት የለም። ሞተሩ ብቻውን ሲዞር ከፈጨ ደግሞ የራሱ ኩሽኔታ አልቋል፤ ቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ ያንኑ መግዛት ነው።

ካፓሲተሩ ደህና ከሆነ ጥቅሉ ይለካ። የማጠቢያው ሁለት ጥቅሎች እኩል ናቸው፣ ሞተሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በእኩል ጉልበት መዞር ስላለበት። ከጋራው ሽቦ ወደ አንዱና ወደ ሌላው ያለው ኦም ተመሳሳይ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ የሁለቱ ድምር መሆን አለበት። አንዱ በግልጽ ካነሰ ውስጥ ለውስጥ ተነካክቷል። የመጭመቂያው ጥቅሎች ግን እኩል ስላልሆኑ እነሱን በዚህ ሚዛን አትፍረዱ። ከጋራው ሽቦ ወደ የትኛውም ምንም ካላነበበ፣ ሞተሩ ትኩስ ከሆነ 45 ደቂቃ ይቀዝቅዝና እንደገና ይለካ፤ ውስጡ ያለው የሙቀት መከላከያ ከፍቶ ይሆናል። ከየትኛውም ሽቦ ወደ ሞተሩ ብረት በ500 ቮልት ሜገር (የሽፋን መከላከያ መለኪያ) ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ እርጥበት ገብቷል፤ ደርቆ እንደገና ይታይ።

ጥቅለላ የሚያስፈልገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተር የሚጠቀልል ሁሉ ይህንን አይችለውም፤ በአንድ ስታተር (የማይዞረው የሞተሩ ክፍል) ላይ ባለ 12 እና ባለ 2 ፖል ጥቅል ተደራርበዋል፣ የ12ቱ ሽቦ ደግሞ ቀጭን ነው። የድሮው ጥቅል ተቆርጦ ከመጣሉ በፊት ዙሩ መቆጠሩን፣ የሽቦው ውፍረት ቫርኒሹ ተፍቆ በማይክሮሜትር መለካቱን ቆመህ እይ።

ማታ ማታ ቮልቴጁንም ለካ። የማስነሻ ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ ስለሚወርድ 180 ቮልት ላይ የሚቀረው 67 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ደካማ ካፓሲተር ሲጨመርበት ጨርሶ አይነሳም።

ፑሌጃ
የካርቦን ሞተሩን ነገር እርሳው። እሱ ፍጥነቱን የሚለካ ታኮና የሚቆጣጠር ቦርድ ይፈልጋል፤ የእጅ ታይመር ይህ የለውም። በቀጥታ 220 ከተሰጠው ያለ ጭነት ከ10,000 ዙር በላይ ይሸሻል። ማጠቢያው በደቂቃ 450 ዙር አካባቢ ለሚሄድ ሞተር የተሠራ ነው፣ የፑሌጃው ልክም አይገጥምም።

ቺንጋ_በጠሰ
ተለካ፦ 5.2 ማይክሮፋራድ። ጥቅሎቹ እኩል ናቸው፣ ወደ ብረት የሚያልፍም የለም። ገበያ ላይ የተገኘው ባለ 15፣ 450 ቮልት ነው፣ ይሆናል?

ኩሽኔታ
ይሆናል፣ ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። 20 ብትገጥም ግን ረዳት ጥቅሉን እያጋለ ይጨርሰዋል። ገጥመህ በሁለቱም አቅጣጫ መነሳቱን እይ፤ በአንዱ ብቻ ከዞረ የታይመሩ መቀያየሪያ ኮንታክት ተቃጥሏል።

ጥቅል_ቤት
ቺንጋውን ስትመልስ መሃሉን በጣት ስትጫነው 1 ሴንቲ ያህል ይግባ፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ የሞተሩን ኩሽኔታ ይበላል። ሞተሩ ላይ ነጭ የውሃ ወይም የሳሙና ምልክት ካለ ደግሞ ከላይ የሚያንጠባጥበውን የበር ጎማ ወይም የበርሜል ጎሚኒ ሳትቀይር አትዝጋው።