ተረከዜን የሚያይልኝ ባለሙያ ጠቁሙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሴራሚክ ላይ ቆሜ። የቀኝ ተረከዜ ፋታ ነሳኝ። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መሬት ስረግጥ ሚስማር የወጋኝ ያህል ያመኛል። ትንሽ ከተንቀሳቀስኩ ቀለል ይለኛል። ማታ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን ስወጣ ግን ይብስብኛል።

ኤክስሬይ ተነስቼ «አጥንት በቅሏል» ተባልኩ፤ ማስታገሻ ተሰጠኝ፣ በቃ። የበቀለ አጥንት እያላቸው ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች አሉ። የእኔ ምልክት ከተረከዝ እስከ ጣቶች በውስጥ እግር የሚዘረጋው ጅማት ሲጎዳ ከሚመጣው ሕመም ጋር ይገጥማል። ይኼ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ባትንና ውስጥ እግርን በማሳሳብ፣ ለስላሳ ገበር ያለው ጫማ በማድረግ በወራት ውስጥ ይሻላል።

ስቴሮይድ መርፌ ተወጊ የሚሉኝም አሉ። ስኳር አለብኝ፤ መርፌው ደግሞ ስኳርን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ፈራሁ።

እባካችሁ፣ ፒያሳ፣ ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ አካባቢ እግር በደንብ የሚያይ ሐኪም ወይም ጎበዝ ፊዚዮቴራፒስት የምታውቁ ጠቁሙኝ። የጫማ ገበር በልክ የሚሠራስ የት ይገኛል? ዋጋውንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።