9 ላሞች አሉን፣ በብድር 4 ልጨምር ወይስ ያሉትን ላስተካክል?

የሰበታው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ወገቡን ስለታመመ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የላሞቹን ሥራ የያዝኩት እኔ ነኝ። ያለነው ሰበታ ነው። 9 ላሞች አሉን፣ ሁሉም የቦረናና የሆልስታይን ዲቃላ ናቸው። 3 ጊደሮችና 2 ጥጆችም አሉ። አሁን የሚታለቡት 5 ላሞች ናቸው፣ ጠዋትና ማታ ተደምሮ 52 ሊትር አካባቢ ይወጣል። 2ቱ ነጥፈው መውለጃቸውን እየጠበቁ ነው። የቀሩት 2 ግን አይታለቡም፣ እርጉዝ ይሁኑ አይሁኑም አላውቅም። አዳቃይ መጥቶ አዳቅሏቸው ነበር፣ መቼ እንደሆነ ግን አባቴም እኔም አልጻፍነውም።

ችግሬ ይሄ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ በየጊዜው ይጨምራል፣ ወተቱ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ወር ሲደርስ ብር ይገባል፣ መኖ ቤት ከፍዬ ስወጣ እጄ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ብድር የማግኘት ዕድል ስላለኝ 4 የሚታለቡ ላሞች ልግዛና ወተቱን ላብዛው ብዬ አስባለሁ። አባቴ ደግሞ «ያሉትን መች አጠገብካቸው» ይለኛል።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከተማው ወደ እኛ እየመጣ ነው። ልጅ ሆኜ ሣር የምናጭድበት ሜዳ ዛሬ ሰፈር ሆኗል። ከ10 ዓመት በኋላ እዚህ ላም ማርባት ይቻላል ወይ? ሥራውን እወደዋለሁ፣ ልጄም እንዲያድግበት እፈልጋለሁ። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የሱሉልታዋ እናት

ልጄ፣ አባትህ ልክ ናቸው። አሁን ላም አትግዛ። በዚህ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፣ ልጆቼን ያስተማርኩት በወተት ነው፣ አንተ ያሰብከውንም አድርጌ አይቼዋለሁ። 3 ላም በብድር ገዛሁ። ሻጩ «በቀን 20 ሊትር ትሰጣለች» ያለኝ ቤቴ ስትገባ 11 ሆነች። እሱስ ይሁን። አንዷ በ7 ወሯ አስወረደች። ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ ብሩሴላ ነው አለኝ፣ ያ የውርጃ በሽታ። የራሴን 2 ላሞች አስያዘችብኝ፣ እነሱንም አጣሁ። ብድሩን የጨረስኩት ላሞቹ ከጠፉ በኋላ ነው። በሽታው ያልተፈላ ወተት የጠጣን ሰውም ይይዛል፣ ቤት ውስጥ የልጅ ልጅ ነበረኝ፣ ያን ጊዜ የነበረብኝን ጭንቀት አሁንም አልረሳውም። ወደፊት ላም ስትገዛ ብሩሴላና የከብት ነቀርሳ (ቲቢ) ሳታስመረምር ወደ በረትህ አታስገባ፣ ከተመረመረችም በኋላ ለጥቂት ሳምንት ለብቻዋ አቆያት።

አሁን ወደ ሒሳብህ። 52ቱን ሊትር ለ5 እያካፈልክ ነው አይደል? ለ9 አካፍለው። 6 ሊትር እንኳ አይሞላም። 9ኙም ይበላሉ፣ 9ኙም ይታከማሉ። ልትገዛ ያሰብከው ወተት ግማሹ በረትህ ውስጥ ተኝቷል። እነዚያን 2 ላሞች በዚህ ሳምንት ሐኪም ይያቸው። ከተዳቀሉ 2 ወር ተኩል ወይም 3 ወር ካለፋቸው በእጁ ዳስሶ ይነግርሃል።

ከዚያ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዛ። ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ገጽ ይኑራት፤ መቼ ወለደች፣ መቼ ድራት ታየባት (ኮርማ ፈለገች ማለት ነው)፣ መቼ ተዳቀለች፣ በየትኛው ኮርማ፣ ምን ታመመች። ወተቱን በየቀኑ መመዘን ከከበደህ በሳምንት አንድ ቀን የእያንዳንዷን ለየብቻ ለክተህ ጻፍ። እኔ ይህን ስጀምር ነው የምወዳት ላም እያከሰረችኝ እንደነበር ያወቅኩት።

ውኃስ እንዴት ነው የምትሰጣቸው? እኔ ቤት ጠዋትና ማታ በባልዲ ነበር። አንድ የፕላስቲክ በርሜል ለሁለት አስቆርጬ ግርግሙ አጠገብ አስቀመጥኩና ቀኑን ሙሉ ውኃ እንዲኖርበት አደረግሁ። ሳምንት ሳይሞላ መኖ ሳልጨምር ወተቱ ጨመረ። የምትታለብ ላም በቀን 60 ሊትር ከዚያም በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ወተት አብዛኛው ውኃ ነው፣ ከየት ታምጣው?

አዳቃይ ከሆለታ

እትዬ የተናገሩት ላይ ልጨምር። እኔ የሰው ሰራሽ ማዳቀል ቴክኒሽያን ነኝ፣ ያንተ ዓይነት ቤት በየቀኑ እገባለሁ። ላሞቹ ታስረው ነው የሚውሉት። የታሰረች ላም ድራቷን በምን ታሳይህ? ጠዋት ሳይሞቅና ማታ ከአለባ በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈትተህ ግቢ ውስጥ ልቀቃቸውና ቆመህ እያቸው። ሌላዋ ስትወጣባት ሳትሸሽ ዝም ብላ የቆመችው፣ እሷ ናት። ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝረበረብ ፈሳሽም ታያለህ። ጠዋት ያየህባትን ማታ፣ ማታ ያየህባትን በማግስቱ ጠዋት ነው ማዳቀል። ብዙ ሰው የሚደውልልኝ ላሟ ትናንት ስትጮኽ ውላ ዛሬ ከሰዓት ነው። ያን ጊዜ ጊዜው አልፏል፣ እኔ ብመጣም የዘር ብክነት ነው፣ ሌላ 21 ቀን መጠበቅ አለብህ።

21 ቀን ትንሽ ይመስላል። ግን በየ13 ወሩ የምትወልድ ላም በ6 ዓመት ተኩል 6 ጥጃ ትሰጥሃለች። በየ18 ወሩ የምትወልደው 4 ብቻ። ሁለቱም ያንኑ ጭድ ይበላሉ።

የኮርማውን ቁጥር ሳትጽፍ ቴክኒሽያኑን አትሸኘው። ቁጥሩ ከሌለህ ከ3 ዓመት በኋላ ልጅን ከአባቷ ጋር ታዳቅላለህ። የውጭውን ዝርያ፣ የሆልስታይኑን ደምም ዝም ብለህ አታብዛው፣ መኖና ውኃ በሚያጥርበት ቤት ደሟ በጣም ከፍ ያለ ላም ቶሎ ትጎዳለች። እኔ ባንተ ሁኔታ ከ75 በመቶ በላይ እንድትሄድ አልመክርም።

ስለ 10 ዓመት ስትጠይቅ ደግሞ እነዚያን 3 ጊደሮች አስብ፣ የነገ ላሞችህ እነሱ ናቸውና። ጥጃ ስትወለድ በ6 ሰዓት ውስጥ እንገር በደንብ ትጥገብ፣ የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል ማለት ነው፣ 35 ኪሎ ለሆነች ጥጃ 3 ሊትር ተኩል። ብዙ ቤት እንገሩን ለጎረቤት ይሰጣሉ ወይም ቀቅለው ይበሉታል፣ ጥጃዋ በወሯ ትሞታለች፣ ከዚያ «ዕድሌ ነው» ይላሉ።

የሰበታው ልጅ

እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ አንተንም አመሰግናለሁ። ደብተሩን ዛሬውኑ ገዛሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ባለፈው ዐቢይ ጾም ወተት ሰብሳቢው የምናመጣውን ግማሹን መለሰብን፣ ሁለት ቀን ለጥጆችና ለጎረቤት ሰጥተን የቀረውን ደፋነው። ያን ጊዜ እንዴት ታልፉታላችሁ?

የሱሉልታዋ እናት

ወተት መድፋት አንጀት ይበላል፣ እኔም ደፍቼ አውቃለሁ። ጾሙ ግን በድንገት አይመጣም፣ በየዓመቱ 55 ቀን ነው። ስለዚህ ከወዲሁ በደብተርህ ላይ አስላው። ላም የምታረግዘው 283 ቀን አካባቢ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የተዳቀለች ላም ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ትወልዳለች። ከመውለዷ 2 ወር በፊት ማንጠፍ አለብህ፣ ይህ ማለት ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ማለት ነው፣ ጾሙ ሲገባ ነጠፈች፣ ፋሲካ አካባቢ ወለደች ማለት ነው። ሁሉንም እንዲህ ማድረግ አይቻልም፣ በየቀኑም የሚገባ ብር ያስፈልግሃል። ከ9 ላሞች 3ቱን እንኳ ብታደርስ ትልቅ ነገር ነው። ከቀረው ወተት እኔ ቅቤ አወጣለሁ፣ አሬራውን አይብ አደርጋለሁ፣ ቅቤውን ለፋሲካ እይዘዋለሁ። ለበዓል ቅቤ የማይፈልግ ሰው የለም።

ከእስራኤል

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ሰሜን እስራኤል በወተት እርባታ ነው የምሠራው፣ እዚህ ረፌት ይሉታል። አንድ ላም በዓመት 12 ሺህ ሊትር ገደማ ትሰጣለች። ይህን የጻፍኩት ልታወዳድሩ አይደለም፣ ዝርያው፣ መኖው፣ ገንዘቡ ሌላ ነው። መጀመሪያ ስገባ የገረመኝ ማሽኑ ነበር። ላሟ እግር ላይ የታሰረ ነገር እርምጃዋን ይቆጥራል፣ ድራት ላይ ያለች ላም ብዙ ስለምትንቀሳቀስ ኮምፒውተሩ ያሳየናል። ሲገባኝ ግን አዳቃዩ ወንድማችን «ፈትተህ ቆመህ እያቸው» ካለው ነገር የተለየ አይደለም። እትዬ ያሉትን ደብተር ነው ማሽኑ የሚጽፈው።

አንድ ነገር ግን አሁን ብትጀምረው እላለሁ። ሙቀት። እዚህ በበጋ ላሞቹን በቀን ብዙ ጊዜ ውኃ እየረጨን በማራገቢያ እናቀዘቅዛቸዋለን፣ ካልሆነ ወተታቸው ይቀንሳል፣ ማርገዝም ያቅታቸዋል። ሰበታ ደጋ ነው፣ እንዲህ አያስፈልግህም። ግን በረትህ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ከሆነ በቀትር ግባና ራስህ ቁምበት። ጣሪያውን ከፍ አድርግ፣ ጎኑን ክፈትላቸው።

ቢሾፍቱ ያለሁት

ስለ መሬቱ ማንም አልመለሰልህም። እኔም ያንተው ችግር ስላለብኝ ልጻፍ። ከተማ ውስጥ ያለ ላም አርቢ ወደፊት መኖውን ከደጁ አያገኝም፣ ይህን ከአሁኑ ማመን አለብን። እኔ ከከተማ ራቅ ብሎ ካለ ገበሬ ጋር ተስማምቼ በቆሎ ያበቅልልኛል። ፍሬው እሸትነቱን አልፎ ሳይደርቅ፣ አገዳው አረንጓዴ እያለ ታጭዶ ይመጣል። 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አድርገን እንከታትፈዋለን፣ ጉድጓድ ውስጥ እየረገጥን አየሩን እናስወጣለን፣ በላስቲክ እንሸፍናለን። ገፈራ ማለት ይህ ነው። ከ6 ሳምንት በኋላ ስንከፍተው እንደ እርሾ የሚል ደስ የሚል ሽታ አለው፣ ላሞቹ እኔን ሲያዩ መጮኽ ይጀምራሉ። ድርቆሽ የምገዛው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፣ ግንቦት ላይ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ብድሩን ከወሰድክ ለላም ሳይሆን ለድርቆሽና ለማስቀመጫ መጋዘን አውለው ባይ ነኝ።

ጭድ ብቻ ካለህ በዩሪያ አክመው። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውኃ በደንብ አሟሙተህ እየረጨህ ትከምርና 3 ሳምንት በላስቲክ ታፍነዋለህ። ስታወጣው አናፍሰው። ያልሟሟ ዩሪያ ላም ይገድላል፣ ለትናንሽ ጥጆችም አይሰጥም፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ይሁን።

ፋጉሎ ስትገዛም አሽተው። የሻገተ የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፣ መርዙ በላሟ አልፎ ወተቱ ውስጥ ይገባል። ርካሽ ነው ብለህ አትውሰድ፣ ያን ወተት የሚጠጣው የሰው ልጅ ነው።

የሌማት ትሩፋት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሰው ወደ ወተት ሥራ አስገብቷል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ሲገባ መኖ ላይ ሽሚያ ይበረታል። ብቻህን አትገበያይ። እኛ 11 ሆነን ፉርሽካ በመኪና ነው የምናስመጣው። እበቱንም አትጣለው። ባዮጋዝ አስቆፍሬ ሻይና ወጥ በሱ ነው የሚሠራው፣ የሚወጣውን ዝቃጭ በቆሎ የሚያበቅልልኝ ገበሬ ይወስደዋል፣ መኪናው የገፈራውን በቆሎ ይዞ መጥቶ ባዶውን አይመለስም።

የሰበታው ልጅ

ከ3 ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሐኪሙ ሁለቱን አያቸው። አንዷ የ5 ወር እርጉዝ ናት፣ እስካሁን እንደ ሥራ ፈት ነበር የምቆጥራት። ሌላዋ ባዶ ናት፣ ማኅፀኗ ላይ ኢንፌክሽን ተገኘባት፣ ሕክምና ላይ ነች።

ወተቱን ለየብቻ ለካሁ። በቀን ወርቄ 15 ሊትር፣ ቡሬ 6 ሊትር። ሁለቱም የሚበሉት እኩል ነበር! ቡሬ ልትወፍር ደርሳለች፣ የወርቄ ጎድን ይቆጠራል። አሁን ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ፉርሽካና ፋጉሎ እያልኩ እንደ ወተታቸው ነው የምሰጠው። ውኃውም እንደ እትዬ በርሜል ተቆርጦ ገብቷል። ትናንት ማታ ወርቄ ከጠዋቱ ጋር 16 ተኩል ሞላች፣ አባቴ በምርኩዙ መጥቶ ጣሳውን ራሱ ለክቶ አየው።

ብድሩን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ኅዳር ላይ ለድርቆሽ እጠይቃለሁ። እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ አንዷ ላም በሚቀጥለው ወር መንጠፍ አለባት፣ ግን አሁንም 7 ሊትር ትሰጣለች። አለባውን በአንዴ ነው የማቆመው ወይስ ቀስ በቀስ?

የሱሉልታዋ እናት

መኖዋን ቀንስ እንጂ ውኃዋን አትቀንስ። ፉርሽካና ፋጉሎውን አቁመህ ድርቆሽ ብቻ ስጣት፣ ወተቱ በራሱ ይወርዳል። ከዚያ አለባውን አቁም። ግቷ ላይ የጡት በሽታ ካለ ግን ሳይታከም እንዳታነጥፋት፣ ሐኪሙን መጀመሪያ አሳየው። አባትህን ሰላም በልልኝ።