ፀጉሬን መንቀል ማቆም አቃተኝ፤ ስለ መድኃኒቱ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር (ስሜትን መቆጣጠርና ከሰው ጋር መኖርን የሚያከብድ የአእምሮ ሕመም) እንዳለብኝ ከተነገረኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ፀጉሬን መንቀል የጀመርኩት ግን ገና በልጅነቴ ነው። ትሪኮቲሎማኒያ ይባላል።

ሰው ሲቀየመኝ ወይም የተተውኩ ሲመስለኝ እጄ ሳላስበው አናቴ ላይ ይወጣል። ሻከር ያለውን ፀጉር በጣቴ እየዳበስኩ እፈልጋለሁ። ስነቅለው ለአፍታ ቀለል ይለኛል። ከዚያ ትራሱ ላይ የተበተነውን ሳይ አለቅሳለሁ። አሁን ከጆሮዬ በላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ተመልጧል።

ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን የድባቴና የጭንቀት መድኃኒት ወስጃለሁ። ጭንቀቴን ትንሽ አረጋጋልኝ፤ መንቀሉን ግን አላስቆመውም። ሐኪሜ ለሁለቱም ሕመሞች ተብሎ የተሠራ መድኃኒት እንደሌለ ነግራኛለች።

ተስፋ የሰጠኝ ኤን አሴቲል ሲስቲን የሚባል፣ ከአሚኖ አሲድ የሚሠራ ማሟያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት 50 አዋቂዎች ተሳትፈው ነበር። በቀን ከ1200 እስከ 2400 ሚሊግራም ለ12 ሳምንት ከወሰዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጣም ተሻላቸው። ልጆች ላይ ሲሞከር ግን ውስጡ መድኃኒት ከሌለው የማስመሰያ ክኒን አልበለጠም። ክሎሚፕራሚን የሚባል የቆየ የድባቴ መድኃኒትም አለ፤ እሱ ያስፈራኛል። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ይጎዳል፣ እኔ ደግሞ ራሴን መጉዳት የሚያምረኝ ቀን አለ። እንዲህ ያለ መድኃኒት ቤቴ ባይቀመጥ እመርጣለሁ።

ሁለቱም ሕመም ያለባችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ኤን አሴቲል ሲስቲንን ከሌላ መድኃኒት ጋር የወሰዳችሁ አላችሁ? ለውጡን ያያችሁት በስንተኛው ሳምንት ነው? ልማድ የማስለወጫ ሥልጠናውንስ (መንቀል ሲያምር እጅን በሌላ ነገር መያዝ የሚያስተምረውን) አብራችሁ ነው የጀመራችሁት? ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ሐኪሜን ምን ብዬ ልጠይቃት?