«ኢምፕላከብሊ» (implacably) ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተስማሚ አማርኛ ስለ ማግኘት

ስለ ጥንታዊቷ ሮም የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ ሳለሁ፣ ሽማግሌው ካቶ የተባለው የሮም ፖለቲከኛ የሮም ተቀናቃኝ ለነበረችው ለሰሜን አፍሪካዊቷ ከተማ ለካርቴጅ የነበረውን ጥላቻ የሚገልጸው «ኢምፕላከብሊ ሆስታይል» (implacably hostile) የተባለ ሐረግ ሦስት ቀን ሙሉ አላላውስ ስላለኝ፣ እርዳታችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ። «ኢምፕላከብሊ» ማብረድ ወይም ማስታገሥ የሚል ፍች ካለው የላቲን ግሥ በአፍራሽ ቅድመ ቅጥያ የተመሠረተ መሆኑን ተረድቻለሁ። «በጽኑ» ያላረካኝም ለዚህ ነው፤ ሰው በጽኑ ይወዳል፣ በጽኑም ያምናልና። «ያለ ርኅራኄ» ያልሁት ደግሞ ወደ ጭካኔ አደላብኝ። ካቶ እኮ ካርቴጅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ201 ዓመት ተሸንፋ ሰላም ከተቀበለች ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ «መጥፋት አለባት» እያለ የወተወተ፣ ምንም ዓይነት ካሣ የማያበርደው ሰው ነበር።

አሁን ያዘነበልሁት «እርቅ በማያውቅ ጠላትነት» ወደሚለው ነው። ሆኖም እንግሊዝኛው «ኢምፕላከብሊ ኦፖዝድ» (implacably opposed) ብሎ አንድን የሕግ ረቂቅ አጥብቆ ስለሚቃወም ሰው ሲናገር ይህ አገላለጽ ያስቸግራል፤ ከረቂቅ ጋር ማን ይታረቃል? ለሁለቱም አገባብ የሚስማማ አንድ የአማርኛ ተውሳከ ግሥ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ፣ ከሌለም እንደየቦታው መለያየቱ ይሻል እንደሆነ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።